«ሆድሽ ውስጥ እራገጥ ነበር?» አለችኝ፣ አዎ አልኳት

የሶሊ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ረዘም ካለ ይቅርታ። ልጄን በጉዲፈቻ የወሰድናት በ7 ወሯ ነው፣ አሁን 6 አመቷ፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። 9 አመት ልጅ ስንጠብቅ ቆይተን ነው ያገኘናት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም፣ አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን ስሰማ ነበር የማድረው። እስካሁን ምንም አልነገርናትም። ባለፈው እሁድ እህቴ እርጉዝ ሆና ቤት መጣች፣ ልጄ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ህፃኑ ሲንቀሳቀስ ስትሰማ ጊዜ ዞር ብላ «እማ እኔም ሆድሽ ውስጥ እያለሁ እራገጥ ነበር?» አለችኝ። አዎ በጣም አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ከዛ ወዲህ ማታ ማታ ስለሱ አውሪኝ ትለኛለች፣ ምን አምሮሽ ነበር ምናምን፣ እኔም በውሸቱ ላይ ውሸት እየጨመርኩ ነው። አማቴ «የልጅቷን ሆድ አታባቢው፣ ስታድግ ይደረስበታል» ይሉኛል፣ ባለቤቴ ደሞ ዝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምፈራው እማ ብላ የምትጠራኝ አጠራሯ እንዳይቀየር ነው። ያሳደጋችሁም ያደጋችሁም እባካችሁ ንገሩኝ።

ወሎዬው፦
እህቴ እኔ በጉዲፈቻ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን 31 አመቴ። የሰማሁት በ17 አመቴ አባቴ ሞቶ ገና ድንኳኑ ሳይነሳ ነው፣ የቤቱ ነገር ተነስቶ አንዱ ዘመድ «እሱ እኮ ደሙ አይደለም» ሲል። እማዬ አለመውለዷ አይደለም ያመመኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ፣ ባለሱቁ ሳይቀር፣ ያውቅ ነበር፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ አመት ሙሉ እማዬን በደንብ አላናገርኳትም፣ ያ አመት ዛሬም ይቆጨኛል። አሁን ደሞዝ ሲገባ መጀመሪያ የምደውለው ለሷ ነው። አማትሽ በክፋት እንዳላሉት ይገባኛል ግን ስታድግ የሚባለው ቀን አይመጣም፣ የሚመጣው የሰው አፍ ነው። ቀድመሽ ንገሪያት።

ጎበና ከነቀምቴ፦
በወንድማችን ሀሳብ እስማማለሁ። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፣ ድሮ እኛ ጋ ሽማግሌ ባለበት በይፋ ነበር የሚደረገው፣ ልጁም እንደተወለደ ልጅ ሙሉ መብት አለው፣ ሚስጥር ማድረጉን ከየት እንዳመጣነው አይገባኝም። ህጉም እንደዛው ነው፣ የ1992ቱ የቤተሰብ ህግ (አዋጅ 213) ልጅቷን ልክ እንደወለድሻት ልጅ ነው የሚቆጥራት፣ ስለዚህ ደሙ አይደለም እያሉ ከእናንተ ከወላጆቿ ውርስ የሚያባርሯት የለም። ከወላጅ ቤተሰቧ ጋር ያላት ዝምድናም አይቋረጥም ይላል አንቀጽ 183፣ ሁለቱን ማስመረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ በደንብ አስቀምጪው፣ አንድ ቀን እሷም ማየት ትፈልጋለች።

የሁለት ልጆች እናት፦
የኔ ቆንጆ አይዞሽ። እኔ ሁለት አሳድጌያለሁ፣ ሁለቱም ከ3 አመታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። በተረት ነው የነገርኳቸው፣ ተረት ተረት፣ የላም በረት፣ አንዲት ሴትዮ ልጅ ናፍቋት... እያልኩ፣ መጨረሻው ሁሌ እነሱ ጋ ይደርሳል፣ ራሳቸው «እኔ ነኝ!» ብለው ይጮሁ ነበር። አንቺ ግን አሁን አንድ ውሸት ስላለ መጀመሪያ እሱን አንሺው፣ ያን ቀን የነገርኩሽ ልክ አልነበረም በያት፣ ልጅ ይቅር ይላል። ስለወለደቻት እናት የማታውቂውን አትጨምሪ፣ ክፉም አታውሪ። ባልሽም አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ብቻሽን አይሆንም።

የሶሊ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ወሎዬው የፃፍከውን ለባለቤቴ አንብቤለት አለቀሰ። ትናንት ማታ አብረን ነገርናት። ሌላ ሴት ሆድ ውስጥ ነው የነበርሽው፣ ያን ቀን ተሳስቼ ነው፣ ከዛ እኛ መጥተን ወሰድንሽ አልኳት። ዝም አለች፣ ሞቼ ነበር። ከዛ «በምን መጣን?» አለች። በላዳ። «ማን አቀፈኝ?» እኔ። «አለቀስኩ?» አላለቀስሽም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ያቺኛዋ እናቴ ስሟ ማነው ስትለኝ እንደማላውቅ ነገርኳት፣ ትንሽ ከፋት፣ እቅፌ ውስጥ ተኛች። ዛሬ ጠዋት ደሞ ያን ቀን የጠቀለልንባትን ብርድ ልብስ አሳዩኝ ብላ ቁም ሳጥኑ ስር ቆማለች፣ አባቷ ወንበር ላይ ወጥቶ እየፈለገላት ነው።