4 ዓመት የሆነው ተማሪዬ የኦቲዝም ምልክት ያለው ይመስለኛል፤ ለወላጆቹ ምን ልበል፣ ክፍል ውስጥስ ምን ላድርግ?

የኬጂ መምህርት፣ ሀዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ክፍሌ ውስጥ 38 ልጆችና አንዲት ረዳት አሉኝ። ከልጆቹ አንዱ 4 ዓመት ሞልቶታል። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፤ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከክፍሉ ጥግ ተነስቶ ይሮጣል። ቆርኪ በቀለም በቀለሙ ይደረድራል፤ አንዱን ካነሱበት ይጮኻል። በእንግሊዝኛ እስከ 20 ይቆጥራል፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቃል በቃል ይደግማል። ውሃ ሲጠማው ግን "ውሃ" አይልም፤ እጄን ይዞ ኮዳው ላይ ያስቀምጠዋል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ጆሮውን ይደፍናል፣ ከዚያ የእጁን ጀርባ ይነክሳል።

እናቱ "ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል" ትላለች። አባቱም "እኔም አፌን የፈታሁት ዘግይቼ ነው፤ ይኸው ኢንጂነር ሆኛለሁ" ይላል። የበሽታ ስም ሳልጠራ እንዴት ልንገራቸው? ወዴትስ ልላካቸው? እስከዚያው ክፍል ውስጥ የምጀምረው ነገር ካለ በዝርዝር ንገሩኝ።

የሕፃናት ሐኪም፣ አዲስ አበባ

መምህርት፣ "ኦቲዝም" የሚለውን ስም አንቺ አለመጥራትሽ ልክ ነው፤ ያንን የሚለው ልጁን የመረመረ ባለሙያ ነው። ከላይ የጻፍሽውን ግን እንዳለ ንገሪያቸው። እናትና አባትን አንድ ላይ ጥሪያቸው፤ ልጆች ሲለቀቁ በር ላይ፣ ሌላ ወላጅ እየሰማ አይሁን። መጀመሪያ የሚችለውን ንገሪያቸው። ከዚያ በቁጥር ያዥው፦ "ስሙን 10 ጊዜ ጠርቼው ይህን ያህል ጊዜ ዞረ።" ቀጥለሽ "ቤትስ እንዴት ነው?" ብለሽ ዝም ብለሽ አዳምጪ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ጆሮውን እንዲያስመረምሩት።

የመስማት ምርመራ ወላጅን አያስደነግጥም፤ በሕክምናም መቅደም ያለበት እሱ ነው። የላስቲኩን ድምፅ ስለሰማ ጆሮው ደህና ነው አይባልም። አንዳንድ ልጅ የተወሰነ ዓይነት ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ አንዳንዱም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምበታል። በሁለት ነገር ግን አትዘግዩ፦ ቀድሞ ያወራቸው የነበሩ ቃላት ጠፍተውበት ከሆነ፣ ወይም ድንገት ፈዝዞ የሚቀርበት፣ የሚወድቅበት፣ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ካለ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌላው ልጅ በብዙ ይበልጣል።

ስለ ዓይን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን መስበሩ ጨዋነት ስለሆነ፣ አንቺን አለማየቱን ዋና ምልክት አታድርጊው። ይልቅ ይህን እዪ፦ ሥዕሉን ወይም ቆርኪውን "እዩልኝ" ለማለት ብቻ ለጓደኛው ያሳያል? በጣቱ ጠቁሞ፣ አንቺም ማየትሽን ለማረጋገጥ ዞር ይላል? ኦቲዝም ያለባቸው የብዙ ልጆች ጣት የሚሠራው የሚፈልጉትን ለማግኘት ነው፤ ለማሳየት አይጠቁሙም።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ኤም-ቻት የሚባለው ባለ 20 ጥያቄ የኦቲዝም መለያ መጠይቅ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ አይሆንም። ኦቲዝም በደም ምርመራም ሆነ በኤምአርአይ አይታወቅም። ሐኪሙ ልጁን እየተመለከተ፣ ከወላጅ ታሪኩን እየጠየቀ ነው የሚለየው። የጭንቅላት ምርመራ የሚታዘዘው የሚጥል ነገር ሲኖር ወይም ሌላ የነርቭ ምልክት ሲታይ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ያለውን ገንዘብ እዚያ ላይ እንዳያፈስ አደራ።

እናንተ ጋ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍልም የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ይሂዱ። አዲስ አበባ መምጣት ካስፈለገ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 ሆስፒታሎች የልጆች አእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ነፍሳቸውን ይማርና እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል፣ እንዲሁም ነህምያ የተባለው ሌላ ማዕከል ደግሞ የትምህርትና የድጋፍ ማዕከላት ናቸው፤ ቦታ ለማግኘት ግን ወረፋ አለ። ወላጆቹ ለቀጠሮው የ2 ወይም የ3 ደቂቃ ቪዲዮ በራሳቸው ስልክ ይቅረጹ፤ አንዱ ሲጫወት፣ አንዱ ሲጠሩት፣ አንዱ ሲናደድ። ልጁ ሐኪም ፊት ያንኑ ላያሳይ ይችላል።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ

እጅሽን ይዞ ኮዳው ላይ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ሲጠየቅ እንደሚሰጥ ገብቶታል ማለት ነው። የምርመራ ወረቀት እስኪመጣ ሳትጠብቂ የሥዕል ልውውጥ ጀምሪለት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ውድ ዕቃ አይፈልግም።

በጣም የሚወደውን አንድ ነገር ያዢ። ብስኩት ይመስላል። እሱ የሚበላውን ራሱን ብስኩት ከነማሸጊያው ፎቶ አንሺ፣ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ አሳትሚ፣ ካርቶን ላይ ለጥፈሽ በሰፊ ፕላስተር ሸፍኚው። ብስኩቱን የጥፍር ያህል እየቆረስሽ አዘጋጂ። ሙሉውን ከሰጠሽው አንዴ ጠይቆ ይጠግባል፤ በትንንሹ ከሆነ ግን በ5 ደቂቃ 10፣ 15 ጊዜ ይለማመዳል። ሰዓቱ ከመክሰስ በፊት ይሁን።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንቺ ብስኩቱን ይዘሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ፤ ረዳትሽ ከኋላው ትሁን፤ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ በአንቺና በእሱ መሀል ይቀመጥ። ልጁ ብስኩቱን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ረዳቷ ከኋላ እጁን ይዛ ካርዱን ታስነሳዋለች፣ መዳፍሽ ላይ ታስቀምጠዋለች። ካርዱ መዳፍሽን እንደነካ "ብስኩት!" ብለሽ ወዲያው ስጪው። ረዳቷ አንድም ቃል አትናገርም። በየዙሩ እገዛዋን ትቀንስ፤ መጀመሪያ መዳፉን፣ ቀጥሎ የእጁን አንጓ፣ ከዚያ ክርኑን ብቻ ትነካለች፤ በመጨረሻ እጇን ታነሳለች። ብቻውን መስጠት ሲችል አንድ እርምጃ ራቂ፣ ቆይተሽም ከክፍሉ ማዶ ሁኚ፤ ተነስቶ ያምጣልሽ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው "ምን ትፈልጋለህ?" ሲባል ነው። ልጁ ጥያቄውን መጠበቅ ይለምዳል፤ ሳይጠየቅ አይጀምርም። "ብስኩት በል፣ ካላልክ አልሰጥህም" ማለትም ያው ነው፤ ካርዱን ሰጥቶ ካላገኘ ወደ ጩኸቱ ይመለሳል። ሦስተኛው ካርዱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ነው፤ አበዛው ተብሎ የሚነጠቅ ካርድ አፍን እንደማፈን ነው። ሁልጊዜ እጁ የሚደርስበት ቦታ ይሰቀል። ብስኩቱ ሲያልቅ ባዶውን ሣጥን አሳይተሽ "አልቋል" በዪው።

ይህን ሲለምድ ሁለተኛ ካርድ ጨምሪ፤ የማይፈልገውን ነገር፣ ለምሳሌ የካልሲ። የካልሲውን ከሰጠሽ ሳትቆጪ ካልሲ ስጪው። ያን ጊዜ ሥዕሉን አይቶ መምረጥ ይጀምራል።

ወላጆች "ሥዕል ከለመደ አያወራም" ብለው ይፈራሉ። ሥዕል ንግግርን አያስቀርም፤ መግባባት የጀመረ ልጅ ቃል ለመሞከርም ይነሳሳል። ሌላም ልብ በዪ፦ ውሃ ስትሰጪው "ውሃ ትፈልጋለህ?" እያልሽ ከሆነ እሱም ሲጠማው "ውሃ ትፈልጋለህ?" ብሎ ይደግምልሻል። የሚደግመው ውሃው በመጣ ቁጥር የሰማውን ነው። ስለዚህ ስትቀጂለት እሱ ሊለው በሚገባው መልክ "ውሃ ስጪኝ" በዪለት። እናቱም ቤት የሚነገረውን ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ሲዳሙ አፎ፣ ትቀጥልበት። የሁለት ቋንቋ ቤት ኦቲዝም አያመጣም፣ አያባብስምም።

የልዩ ፍላጎት መምህር

እኔ ስለ ሰልፉና ስለ ንክሻው ልበል። አንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሪ፤ ከመንከሱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ ሰዎቹ ምን አደረጉ። ለ5 የትምህርት ቀናት ከነሰዓቱ ያዢ። በነከሰ ቁጥር ከሰልፉ የሚወጣ ከሆነ፣ መንከስ መውጫ በር ሆኖለታል ማለት ነው፤ ቁጣ አያስተወውም። በምትኩ "በቃኝ" የሚል ካርድ አስተምሪው፤ ሲሰጥሽ በዚያው ቅጽበት አውጪው። "ትንሽ ታገስ" ካልሽው ካርዱ ዋጋ ያጣል።

ሰልፉን ለጊዜው ከግቢው ጥግ፣ ከድምፅ ማጉያው ርቆ ይቁም። በየሳምንቱ 5 እርምጃ ያህል አቅርቢው፤ እጁ ወደ ጆሮው ከሄደ ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሱ። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት የጆሮ መከላከያ ለሰልፍ ሰዓት ይጠቅማል፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይደረግ፣ ከለመደው ተራ ድምፅም ይከብደዋል።

ሲጮኽና ሲወራጭ ንግግር ይቁም። ልጆቹን ራቅ አድርጊ፣ ራሱን የሚጎዳበትን ነገር አንሺ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት ቆይለት። "ምን ሆንክ?" እያሉ መክበብ፣ ቁንጥጫ፣ ትከሻ ይዞ መነቅነቅ ሁሉም ያረዝመዋል።

ቆርኪውን ድንገት አትንጠቂው። ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ለጥፊ፤ መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ ቆርኪ። ለማቆም ደግሞ "3 ቆርኪ ቀረ" ብለሽ በጣትሽ እያሳየሽ ቁጠሪ፤ ቁጥር ይወዳል።

ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ፦ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ድንገት ወጥተው ይሄዳሉ፣ ብዙዎቹንም ውሃ ይስባቸዋል። ሀዋሳ ሐይቅ ያለበት ከተማ ነው። የበሩ ጥበቃ ልጁን በመልክ ይወቀው፤ ኪሱ ውስጥ የወላጅ ስልክ ያለበት ካርድ ይኑር። ከጠፋ ፍለጋው ከውሃው ወገን ይጀመር።

የኬጂ መምህርት፣ ሀዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወላጆቹን አነጋግሬ ለጆሮ ምርመራው ተስማምተዋል። እናቱ "ስልክ ስለሰጠሁት ነው? ክትባቱ ይሆን? ጸበል ብወስደውስ?" ብላ ጠየቀችኝ። አባቱ ደግሞ ለብቻው ቆይቶ "ትልቅ ሰው ላይም አለ እንዴ?" አለኝ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሜሪላንድ

እናትየዋ ጥፋት የለባትም፤ ይህን በግልጽ ንገሪያት። ስልክ ኦቲዝም አያመጣም፤ ጉዳቱ የጨዋታና የወሬ ሰዓት መውሰዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። በአንድ ቀን መንጠቅ ግን ቤቱን ያውካል፤ ቀስ በቀስ ይቀንስ፣ በቦታው የሳሙና አረፋ ወይም ኳስ ይግባ። የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጽሑፍ የተነሳ ነው፤ ያሳተመው መጽሔት በ2010 ራሱ ሰርዞታል። ኩፍኝ ግን ዛሬም ልጅ ይገድላል።

ጸበሉን አትከልክያት። ሕዝብ በማይበዛበት ሰዓት ትውሰደው፤ እየጮኸ በግድ ተይዞ ቀዝቃዛ ውሃ አይፍሰስበት። መድኃኒት ከታዘዘለት፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ፣ ለአንድ ቀንም አይቋረጥ።

ለአባትየው መልሱ "አዎ፣ አለ" ነው። ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምር፣ ዕድሜ ልክ የሚኖር፣ በዘርም በብዛት የሚተላለፍ ነው። አፍን ዘግይቶ መፍታት ብቻውን ግን ኦቲዝም አያሰኝም። ራሱን ይጠይቅ፦ ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ላይ ምን እንደሚባል አስቀድሞ ይለማመዳል? ከሰው ጋር ከዋለ በኋላ ለብቻው ካልሆነ አይሆንለትም? የቀኑ ዕቅድ ሲቀየር ከሌላው ሰው በላይ ይረበሻል? ኤኪው-10 የሚባል ባለ 10 ጥያቄ መለያ አለ፤ 6 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ለሙሉ ምርመራ ይላካል፤ በራሱ ግን ምርመራ አይደለም። ባለሙያ ጋ ሲሄድ ልጅነቱን የሚያውቅ ሰው፣ እናቱ ወይም ታላቅ እህቱ፣ ብትኖር ጥሩ ነው። ጭንቀትና ድብርትም ካሉ አብረው ይታዩ፤ ለእነሱ ሕክምና አለ፣ ኦቲዝም ስላለ ተብለው አይተዉም።

አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎች በአጭሩ፦ ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው የግዛታችሁን የቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም፣ ከተጠየቀበት ቀን በ45 ቀን ውስጥ ግምገማው ተጠናቆ የድጋፍ ዕቅዱ የሚወጣበት ስብሰባ መካሄድ አለበት። ከ3 ዓመት በላይ ከሆነ ልጁ እንዲገመገም የሚጠይቅ፣ ቀን ያለበት ደብዳቤ ለመንግሥት ትምህርት ቤቱ ጻፉና ኮፒውን ያዙ። በቃል የተጠየቀ እየተረሳ ይቀራል። ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ታላቅ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ብዙ መምህራን የመጀመሪያ ካርድ "ሽንት ቤት" ያደርጋሉ። አይሠራም፤ ልጁ ካርዱን ሰጥቶ የሚያገኘው የሚወደውን ነገር አይደለም። እሱ ይቆይ። ከብስኩቱ ቀጥሎ ኮዳው፣ ከዚያ ቆርኪው፣ ከዚያ "በቃኝ" ይምጣ፤ የሽንት ቤቱን አራቱንም ሳይታገዝ ሲጠቀም ጨምሪው። የካርዶቹን ቅጂ ለእናቱ ስጫት፤ ቤትና ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ሥዕል ካልተጠቀሙ ልጁ ከዜሮ ይጀምራል።