47 ጎል ሲቀረው የሄደው አጥቂ፦ ሃሪ ኬን ልክ ነበር?

አወያይ፦ ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን፤ አንዱ በእኛ አንዱ በእነሱ እየቆጠረ እንዳንምታታ። ጥያቄው ይሄ ነው። ሃሪ ኬን ኦገስት 12 ቀን 2023 ከቶተንሃም ወደ ባየርን ሙኒክ ሲሄድ 30 ዓመት ከሞላው ሁለት ሳምንቱ ነበር። በፕሪሚየር ሊግ 213 ጎል አለው፤ የአለን ሺረር ሪከርድ 260 ነው። 47 ጎል ሲቀረው መሄዱ ስህተት ነው ወይስ ልክ? ስድብ የለም። ቁጥር ያለው ቁጥሩን ይዞ ይምጣ።

ካታንጋ፦ ስህተት ነው፤ ለዚያውም የማይታረም ስህተት። የመጨረሻዎቹን ሦስት የውድድር ዘመናት እዩ። በ2020/21 23፣ በ2021/22 17፣ በ2022/23 30። ድምሩ 70፤ በአማካይ በዓመት 23 ከምናምን። 47ን ለዚያ አካፍሉት፤ ሁለት ዓመት ነው። እንግሊዝ ቢቆይ 2025/26 ሲጀመር ሺረርን ያልፈው ነበር። የባየርንን ሜዳሊያማ ተጠባባቂ በረኛውም ይሰበስበዋል። ሪከርዱ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ጥላ ፎቅ፦ ካታንጋ፣ ሂሳብህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከ30 በኋላ ያለ አጥቂ በማካፈል አይሰላም። ሺረር 30 የሞላው በኦገስት 2000 ነው። ከዚያ በኋላ ያገባውን በየዓመቱ ቁጠር፦ 5፣ 23፣ 17፣ 22፣ 7፣ 10። በስድስት ዓመት 84፤ በአማካይ በዓመት 14። ይሄ ሪከርዱን የያዘው ሰው ነው እንግዲህ! በዚህ ፍጥነት ኬን 47ቱን ለመጨረስ ሦስት ዓመት ተኩል ሊጠጋ ነው፤ ያውም ጉዳት ካላገኘው። ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሺረር ከዩሮ 2000 በኋላ፣ 30 ሳይሞላው፣ በ63 ጨዋታ 30 ጎል አግብቶ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ። የ2002 ዓለም ዋንጫና ዩሮ 2004 ሲካሄዱ እሱ ቤቱ አርፎ ነበር። ኬን የእንግሊዝ አምበል ነው፤ ክረምቱንም ይጫወታል። እነዚያ 84 ጎሎች የዕረፍት ዋጋም አለባቸው።

ሚስማር ተራ፦ ጥላ ፎቅ ላይ ልጨምር፤ ሁለቱን በእኩል ዕድሜ እናስተያያቸው። 30 ሲሞላቸው ሺረር በፕሪሚየር ሊግ በ253 ጨዋታ 176፣ ኬን በ320 ጨዋታ 213 ነበራቸው። በ10 ጨዋታ ሲመታ ሺረር 7፣ ኬን 6.7 አካባቢ። ሺረር ፕሪሚየር ሊግ ከመጀመሩ ከ1992 በፊት ለሳውዝሃምፕተን በድሮው አንደኛ ዲቪዚዮን ያገባቸው 23 ጎሎች ደግሞ ጭራሽ አይቆጠሩለትም። እነሱ ሲጨመሩ 199 ይሆናል። ስለዚህ «ኬን በሰፊው እየመራ ነበር» የሚባለው ወደ 14 ጎል ይወርዳል።

በሌላ በኩል ፍፁም ቅጣት ምት እናውጣ። ከሺረር 260 ውስጥ 56ቱ፣ ከኬን 213 ውስጥ 33ቱ በፍፁም ቅጣት ምት ናቸው። ቀሪው 204 በ441 ጨዋታ፣ 180 በ320 ጨዋታ። እዚህ ላይ ኬን በግልጽ ይበልጣል፤ ግን የሺረር 441 ከ30 በኋላ ያሉትን 188 ጨዋታዎች ጨምሮ ነው። የፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ 22 ክለብና 42 ጨዋታ ነበሩ። ሺረር በ1994/95 34 ያገባው በ42ቱም ተሰልፎ ነው። ቁጥር ሲመዘዝ ከሁለቱም ወገን ይመዘዝ።

ካታንጋ፦ እሺ፣ ሁለት ዓመት ሳይሆን ሦስት ይሁን፤ 33 ዓመቱ ላይ ይጨርሳል። ሺረር 33 ዓመቱ ላይ 22 አግብቶ የለ? አሁንም መልሱ ያው ነው፤ መቆየት ነበረበት።

ሚስማር ተራ፦ የት ነው የሚቆየው? ሁላችሁም «እንግሊዝ ቢቆይ» ትላላችሁ፤ ውሉን ያነሳ ግን የለም። ኬን ጁን 2018 ላይ እስከ 2024 የሚዘልቅ የስድስት ዓመት ውል ፈረመ። ያን ጊዜ 24 ዓመቱ ነው፤ በሊጉ 30 ጎል ያገባበትን ዘመን መጨረሱ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ በሩን የማያንኳኳ ክለብ አልነበረም። በዚያው ክረምት ቶተንሃም አንድም ተጫዋች አልገዛም። ዓይኑ እያየ ማለት ነው።

ውል እንዲህ ነው የሚሠራው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቀረው ዋጋ ቆራጩ ሻጭ ነው፤ እምቢ ቢልም የሚጎዳው ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሲቀረው ሻጩ ማሰብ ይጀምራል። አንድ ዓመት ሲቀረው ወይ ያድሳል፣ ወይ ይሸጣል፣ ወይ በነፃ ያጣዋል። ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከውጭ አገር ክለብ ጋር ክለቡን ሳያስፈቅድ ለሚቀጥለው ዓመት መፈራረም ይችላል።

አሁን በዚህ መነጽር 2021ን እዩት። ማንችስተር ሲቲ ፈለገው፤ እሱም መሄድ ፈለገ፤ ውሉ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። የያኔው የቶተንሃም ሊቀመንበር ዳንኤል ሌቪ እምቢ አለ፤ አለቀ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ኬን «እቆያለሁ» ብሎ አስታወቀ። 2023 ላይ አንድ ዓመት ብቻ ስለቀረው ሚዛኑ ተገለበጠ፤ ያኔም ቢሆን ሌቪ ለእንግሊዝ ተፎካካሪ ሊሸጠው አልፈለገም። ስለዚህ በእጁ የነበረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስምንተኛ ከወጣና በአውሮፓ ውድድር ከሌለ ክለብ ጋር አዲስ ውል። ሁለተኛ፣ አንድ ዓመት ጠብቆ በነፃ መውጣት፤ ከዚያ እንግሊዝ ውስጥ የፈለገበት መግባት። ሦስተኛ፣ ወደ 100 ሚሊዮን ዩሮ የሚከፍለው ባየርን። የካታንጋን ሪከርድ ከዋንጫ ተስፋ ጋር የሚያቀርበው ሁለተኛው ብቻ ነው። 30 ዓመት የሞላው፣ ቁርጭምጭሚቱ ስንት ጊዜ የተጎዳ ሰው ደግሞ ያለ ውል ዋስትና አንድ ዓመት መጫወቱ ቁማር ነው።

ከማን አንሼ፦ ቁርጭምጭሚት ካነሳችሁ አይቀር። ኬን በ2016/17 29 ጎል ያገባው በ30 ጨዋታ ነው፤ የቀሩት ስምንቱ በአብዛኛው የጉዳት ናቸው። በ2018/19 28፣ በ2019/20 29 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ኤፕሪል 2019 ከሲቲ ጋር ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ጁን 1 በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በቀጥታ ገባ፤ አያክስ ላይ ሦስት ያገባው ሉካስ ሞራ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሊቨርፑል 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ኬን ሜዳ ላይ እንዳለ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ሳውዝሃምፕተን ላይ ቋንጃው ተቀደደ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

እንግሊዝ 38 የሊግ ጨዋታና ሁለት የአገር ውስጥ ዋንጫ አለ፤ በገና ሰሞን ዕረፍት የሚባል የለም። ጀርመን 34 የሊግ ጨዋታ፣ አንድ ዋንጫና የገና ሰሞን ዕረፍት ነው። ለ30 ዓመት ቁርጭምጭሚት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሌላው አጨዋወቱ ነው። ኬን የሺረር ዓይነት ዘጠኝ ቁጥር፣ ማለትም ከፊት ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ አይደለም። ሺረር በ1992 ጉልበቱ፣ በ1997 ቁርጭምጭሚቱ ከተጎዳ በኋላ ሩጫው ቀነሰ፤ ያን ጊዜ ራሱን ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ሳጥኑ አስገባ። ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ፣ ክርኑን አስፍቶ፣ ኳስ ይዞ፣ ተሻጋሪ ይጠብቃል። በዚህ መንገድ እስከ 35 ይኬዳል። ኬን ግን የኋላ የኋላ ወደ መሐል ወረደ። ከተከላካዩና ከአማካዩ መሐል ይቀበላል፣ ይዞራል፣ ከኋላው ለሚሮጠው ያሻግራል። ሴፕቴምበር 2020 ሳውዝሃምፕተን 5 ለ 2 ሲሸነፍ የቶተንሃም አጣማሪውን የሶንን አራቱንም ጎል ያመቻቸው ኬን ነው። በዚያ ዓመት ሊጉን በጎልም (23) በማመቻቸትም (14) መራ። ሁለቱ ተቀባብለው 14 ጎል አስቆጠሩና የሺረርንና የክሪስ ሰተንን የ1994/95 ሪከርድ፣ 13፣ በአንድ በለጡት።

የዚህ አጨዋወት ችግር ደግሞ የሚሮጥ ሰው ከሌለ ሳጥኑ ባዶ መቅረቱ ነው። ኬን ሲወርድ ተከላካዩ አይከተለውም፤ ኳሱ ይዞራል እንጂ ወደ ጎል አይሄድም። ዩሮ 2024 ላይ ያያችሁት ይሄ ነው፤ ከስፔን ጋር በተደረገው ፍጻሜ 61ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ ወጣ። ሶን በ2023 31 ዓመቱ ነበር። ኬን ቶተንሃም ቢቆይ የሚሮጥለት ሰውም አብሮት እያረጀ ነው። ባየርን ግን ሳኔ፣ ኮማን፣ ሙሲያላ ነበሩት፤ በኋላ ኦሊሴ መጣ። የመጀመሪያ ዓመቱን በ32 የሊግ ጨዋታ 36 ያገባው ሳጥኑ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም፤ ሲወርድም ክፍተቱን የሚሞላለት ስላገኘ ነው።

ካታንጋ፦ ቡንደስሊጋ ላይ 36 ማግባትማ ሌቫንዶቭስኪ በ2020/21 41 አግብቷል። የባየርን ጓሮ ነው እኮ። ደግሞ ዋንጫ ፍለጋ አይደል የሄደው? የገባ ዕለት በሱፐር ካፑ ላይፕዚግ 3 ለ 0 ተቀበለው። ኖቬምበር ላይ የሦስተኛ ዲቪዚዮኑ ዛርብሩከን ከዋንጫው አስወጣቸው። ሊጉን ሊቨርኩሰን ሳይሸነፍ ወሰደ። በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ማድሪድ ላይ 85ኛው ደቂቃ ኬን ተቀይሮ ወጣ፤ ሆሴሉ ሁለት አግብቶ ፍጻሜውን ነጠቃቸው። ባየርን በተከታታይ 11 ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ ኬን ሲመጣ ባዶ እጁን ቀረ!

ጥላ ፎቅ፦ 😂 ይሄን ለኬን ጠላት እንኳ አልመኝም።

ሚስማር ተራ፦ ካታንጋ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው የተረከው። በዚያ ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ 8 አግብቶ ከምባፔ ጋር ኮከብ ግብ አግቢነቱን ተካፈለ፤ የአውሮፓ ሊጎች ኮከብ ግብ አግቢ የሚሸለመውን የወርቅ ጫማም ወሰደ። ሻምፒዮንስ ሊግ የባየርን ጓሮ አይደለም። በሁለተኛው ዓመት በሊጉ 26 አግብቶ ሻምፒዮን ሆነ።

ካታንጋ፦ ሻምፒዮን የሆነውም ቤቱ ሆኖ ነው! ላይፕዚግ ላይ በካርድ ታግዶ ከሜዳ ውጭ ነበር፤ 3 ለ 3 ሲወጡ ሳይረጋገጥ ቀረ። በማግስቱ፣ ሜይ 4 ቀን 2025፣ ሊቨርኩሰን ፍራይቡርግ ላይ 2 ለ 2 ስለወጣ ነው ዋንጫው የተገኘው። ከ17 ቀን በኋላ ደግሞ ቶተንሃም በቢልባዎ ከተማ ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ዩሮፓ ሊግን አነሳ። ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ። ቢቆይ ያንንም ያነሳ ነበር፤ ሪከርዱንም ይዞ።

ሚስማር ተራ፦ እዚህ ላይ ያዝኩህ። የዚያን ፍጻሜ ጎል ማን አገባው? ብሬናን ጆንሰን። ጆንሰን ከኖቲንግሃም ፎረስት የተገዛው መቼ ነው? በ2023 የዝውውር መስኮት መዝጊያ ላይ፣ ኬን በሄደ በሦስት ሳምንት ውስጥ። ኬን ባይሸጥ ያ ገንዘብ አይመጣም ነበር። የዋንጫው ደረሰኝ ላይ የኬን ስም አለ።

ካታንጋ፦ ኬን ራሱ ያገባው ነበራ።

ከማን አንሼ፦ ያ ቡድን በዚያው ዓመት በሊጉ 17ኛ ነው የወጣው፤ 38 ነጥብ። በእንደዚያ ያለ ቡድን ውስጥ 31 ዓመት የሞላው አጥቂ በዓመት 23 ያገባል ብለህ አስበህ ነው 47ን ያካፈልከው?

ካታንጋ፦ ኬን ቢኖር 17ኛ አይወጣም ነበር። ግን ስለ ውሉ የተባለውን እቀበላለሁ። 2018 ላይ አራት ዓመት ብቻ ፈርሞ ቢሆን 2021 ላይ አንድ ዓመት ብቻ ይቀረው ነበር፤ ሌቪም እምቢ ቢል ከዓመት በኋላ በነፃ ሊያጣው ነው። ሲቲ ገብቶ ዋንጫውንም ሪከርዱንም በአንድ አገር ያገኝ ነበር። ስለ 2023 የምላችሁን አልቀይርም፤ መጀመሪያ የተሳሳተው ግን 2018 ላይ ነው።

ሚስማር ተራ፦ ሲቲ ሃላንድን 2022 ላይ ገዛ። ኬን ቀድሞ ቢገባ ሃላንድ ሌላ ቦታ ይሄድ ይሆናል። በ2022/23 የሃላንድን 36 ማን ያገባው እንደነበር አስቡት።

ጥላ ፎቅ፦ ሺረርም እኮ 1996 ላይ ማንችስተር ዩናይትድን ትቶ በ15 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በወቅቱ የዓለም ሪከርድ፣ ኒውካስል ገባ። አሥር ዓመት ተጫውቶ አንድም ዋንጫ አላነሳም፤ የ1998ንና የ1999ን የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜዎች 2 ለ 0፣ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ዛሬ ከሜዳው ውጭ ሐውልቱ ቆሟል።

ከማን አንሼ፦ ልዩነቱ ሺረር ወደ ትውልድ ከተማው ኒውካስል ሲመለስ የብላክበርንን የ1995 ሻምፒዮንነት ይዞ መመለሱ ነው። የተራበ ሰውና የጠገበ ሰው እኩል አይመርጡም። ኬን ከቶተንሃም ጋር የ2015፣ የ2019፣ የ2021 ፍጻሜዎችን ሁሉ ተሸንፎ ነው የወጣው።

አወያይ፦ ድምፅ ልሰብስብ፦ ስህተት የሚል 1፣ ልክ የሚል 2። ጥላ ፎቅ አልመረጥክም።

ጥላ ፎቅ፦ የምመርጠው ጥያቄው ሲስተካከል ነው። የድሮው የቶተንሃም አጥቂ ጂሚ ግሪቭስ በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ 357 ጎል አለው። ሊጉ 1992 ላይ ስሙን ቀየረ ተብሎ 260ው «የምንጊዜም» ሲባል ዝም ብላችሁ፣ ኬን ለምን አላሳደደውም ትላላችሁ። ኬን የግሪቭስን የቶተንሃም 266 ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ሲቲ ላይ አልፎታል፤ በ280 ነው የወጣው። የክለቡን ሪከርድ ይዞ ነው የሄደው።

ካታንጋ፦ 266ቱን ትቆጥራለህ፣ 260ውን አትቆጥርም። አወያይ፣ ይሄን ሰውዬ ከስህተት በኩል መዝግበው።