የወጥ ቤታችን ወለል ሰው እየጣለ ነው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ምግብ ቤት የወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ሰው ወድቆብናል። የመጨረሻዋ አስተናጋጅ የሚንተከተክ ሽሮ በትሪ ይዛ ነበር፤ ፊቷ ለጥቂት ተረፈ፣ የእጅ አንጓዋ ግን ተሰብሮ እስካሁን በጀሶ ናት።

ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው፤ ለሳሎን እንጂ ለወጥ ቤት አይሆንም። በመጥበሻው በኩል ዘይት ይረጫል፣ በዕቃ ማጠቢያው በኩል ውሃ ይፈሳል። ማታ በፈሳሽ ሳሙና እናጥበዋለን፤ ጠዋት ሲረገጥ ያው ያንሸራትታል። አንድ ጓደኛዬ «ሳሙናው በደንብ ስለማይለቀለቅ ዘይቱን እንደያዘ ይደርቃል፤ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ በንጹህ ውሃ ድገሙት» አለኝ። ሞከርነው፣ ትንሽ ተሻለ። ካርቶን ስናነጥፍ ደግሞ ጠርዙ እየተጠቀለለ እግር ይጠልፋል (ሁለተኛው ልጅ የወደቀው በእኔው ካርቶን ነው)።

ባለቤቱን ወለሉ ይቀየር ስለው «መጀመሪያ ልጆቹ ሸበጥ ይተዉ» ይለኛል። ስለ ሸበጡስ እውነቱን ነው። ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት አሠሪው አይደለም እንዴ?

ሴራሚክ ሳትነቅሉ የሚያሻክር ቅብ የሞከራችሁ አላችሁ? ዘይትና ሙቅ ውሃ ይችላል? ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የጎማ ምንጣፍስ የት ይገኛል? ወደ አዳራሹ መውጫ ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃም ቢጫ ልቀባት አስቤያለሁ፤ ትሪ የያዘ ሰው እግሩ ሥር ስለማያይ ግን ይጠቅም ይሆን?