ሮውና ጄፔግ ሳይለያዩ ፎቶዎችን በጅምላ ስም መቀየር

ዊንዶውስ 11 ላይ ወደ 14,000 የሚጠጉ ፎቶዎች በብዙ ፎልደሮች ተበትነው አሉ። አብዛኛው ፎቶ አንድ ሮው ፋይል (ካሜራው ያልተቀነባበረውን ምስል የሚያስቀምጥበት)፣ አንድ ጄፔግ፣ አንዳንዴም ኤዲቲንጉን የያዘ ኤክስኤምፒ ፋይል አለው፤ ሦስቱም ስማቸው አንድ ነው። ካሜራው 9999 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ስለሚጀምር በተለያዩ ፎልደሮች የተደጋገሙ ስሞች ሞልተዋል።

የምፈልገው ስም ፎቶው የተነሳበት ቀን፣ ሰዓቱ እስከ ሰከንድ፣ ከዚያ ሁለት አሃዝ ተራ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ የሚያሳየው የተፈጠረበት ቀን ኮፒ ሲደረግ ስለሚቀየር ቀኑን በኤግዚፍቱል (በፎቶ ፋይል ውስጥ የተጻፈውን መረጃ የሚያነብና ስም የሚቀይር ፕሮግራም) ከዴትታይም ኦሪጅናል፣ ማለትም ፎቶው የተነሳበት ጊዜ ከተመዘገበበት ቦታ ነው የማነበው። ስሙ ሳይቀየር ውጤቱን ለማየት በኤግዚፍቱል የሙከራ አማራጭ በቴስትኔም ሞከርኩት።

ችግሩ ተከታታይ ቀረጻ ላይ ነው። በአንድ ሰከንድ 8 ፎቶ ሲነሳ ኤግዚፍቱል እኔ በምጠቀምበት አጻጻፍ ተራ ቁጥር የሚጨምረው ስም ከተጋጨ ነው፤ ኤክስቴንሽናቸው (ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለው የፋይል ዓይነት) የተለያየ ፋይሎች ደግሞ አይጋጩም። ስለዚህ ሮውና ጄፔጉ ለየብቻ ይቆጠራሉ። ሦስተኛው ጄፔግ ቀድሞ ተሰርዞ ከሆነ አራተኛው ጄፔግ የሦስተኛውን ሮው ስም ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትም አንድ አንድ ይንሸራተታሉ። የስህተት መልእክት ደግሞ አይወጣም፣ ክፋቱ እሱ ነው። የሰከንድ ክፍልፋዩም አልረዳም፤ ካሜራው 00 ብቻ ነው የሚጽፈው። የድሮውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር መጨረሻው ላይ ማስቀረት ጥንዱን ያድናል፣ ግን በየሰከንዱ ከ01 የሚጀምር ነው የምፈልገው።

በፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ) ይሁን በኤግዚፍቱል፣ በአንድ ፎልደር ውስጥ ስማቸው አንድ የሆኑትን ፋይሎች እንደ አንድ ቡድን ቆጥሮ ለሮው፣ ለጄፔጉና ለኤክስኤምፒው ተመሳሳይ ተራ ቁጥር መስጠት የሚቻለው እንዴት ነው?