ዘረመልን ዝም የሚያሰኝ መድኃኒት ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር፦ የጨረር ሕክምናውን አዘግይተን እንጠብቀው ወይ?

ጥያቄ፦ የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። አክስቴ ለወራት ከቆየባቸው የደም መፍሰስ በኋላ በተደረገላቸው የናሙና ምርመራ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር እንደያዛቸው ታውቋል። በፓቶሎጂው ወረቀት ላይ «ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ» (ካርሲኖማ ማለት ከሽፋን ሴሎች የሚነሣ ካንሰር ነው) ተብሎ ተጽፏል። ሐኪማቸው በሽታው ደረጃ 2ቢ ላይ መድረሱን፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ እንደማይችልና ጨረርና ኬሞቴራፒ ጎን ለጎን መውሰድ እንዳለባቸው ገልጸው፣ ሐረር ወደሚገኘው የካንሰር ሕክምና ማዕከል ሪፈር ጽፈውላቸዋል።

ይሁን እንጂ ውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው «የካንሰሩን ዘረመል ዝም የሚያሰኝና በናኖ ቅንጣት ተጭኖ በቀጥታ ዕጢው ላይ የሚያርፍ» እንክብል የሚያስመጣ ሰው አግኝቻለሁ ይላል። ሻጩ የሦስት ወሩን ዋጋ በቅድሚያ ይጠይቃል፤ ጨረርና ኬሞ ከተጀመረ መድኃኒቱ አይሠራም በማለትም ሕክምናውን እንድናዘገይ ይመክራል። አክስቴ ጨረርን አጥብቀው ስለሚፈሩ ልባቸው ወደዚያ አዘንብሏል። እንዲህ ያለ ሕክምና በእርግጥ አለ ወይ? ካለስ ለእርሳቸው ይሆናል ወይ? ሦስት ወር መጠበቁ ምን ያመጣል?

መልስ፦ ፋርማሲስት (ሳቢያን)

ወንድሜ፣ ገንዘቡን እንዳትልኩ፤ የጨረር ቀጠሮውንም እንዳታልፉ። ምክንያቱን ላስረዳ። ዘረመልን ዝም የሚያሰኙ፣ በአጭሩ ኤስአይአርኤንኤ የሚባሉ መድኃኒቶች በእርግጥ አሉ። የመጀመሪያው ፓቲሲራን የሚባለው ሲሆን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የተፈቀደውም በዘር ለሚተላለፍና ነርቭን ለሚጎዳ አሚሎይዶሲስ ለተባለ በሽታ እንጂ ለካንሰር አይደለም። ከእርሱ በኋላ የተፈቀዱትም ካንሰር ላልሆኑ በሽታዎች ናቸው፤ ለማንኛውም ዓይነት ካርሲኖማ የተፈቀደ የዚህ ወገን መድኃኒት እስካሁን የለም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስጠረጠረኝ ግን «እንክብል» የሚለው ቃል ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል የተፈቀዱት ሁሉ በደም ሥር ወይም ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚሰጡ ናቸው። ኤስአይአርኤንኤ በአፍ ቢዋጥ የጨጓራው አሲድና የአንጀቱ ኢንዛይሞች ይበጣጥሱታል፤ የተረፈው ቢኖርም ትልቅና የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ስለሆነ የአንጀትን ግድግዳ አያልፍም። በስብ ቅንጣት የተጠቀለለው ፓቲሲራን ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለበትና መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የሌለበት ነው። በሻንጣ ተጭኖ በሰኔ ሙቀት ድሬዳዋ የሚገባ እንክብል ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም አይገናኝም።

ስለ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም መድኃኒት ስለሚጫንበት በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ቅንጣት፣ የተባለው ግን በራሱ ውሸት አይደለም። በስብ ከረጢት የታሸገው ዶክሶሩቢሲን እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ለእንቁልጢ ካንሰርም ይሰጣል። ሆኖም እርሱ የተለመደው ኬሞ በሌላ መጠቅለያ መሆኑ ነው፤ ዘረመልን ዝም አያሰኝም። ሻጮች ሁለቱን እያደባለቁ ነው የሚያወሩት።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር (ሐረር)

የፋርማሲስቱን ምክር እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አክስትዎና ልጃቸው ይህንን ተስፋ ያደረጉት ከባዶ ተነሥተው ስላልሆነ ሳይንሱን ማወቅ የሚገባቸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ በአንዲት ጥቃቅን ትል ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ድርብ የሆነ አር ኤን ኤ ወደ ሴል ሲገባ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለውን ዘረመል ሥራ እንደሚያስቆም አሳዩ፤ በ2006ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዘረመሉ ራሱ አይነካም፤ የሚቆረጠው ከዘረመሉ ተቀድቶ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚሄደው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ነው። ሃያ አንድ ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት አጭር አር ኤን ኤ ሪስክ ከሚባለው የፕሮቲን ስብስብ ጋር ተጣምሮ መልእክቱን ይፈልግና ያስቆርጠዋል።

የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ደግሞ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ከሚመስሉት አንዱ ነው። አብዛኛው በሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በተለይም በ16ኛውና በ18ኛው ዓይነት የሚመጣ ሲሆን፣ ቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 በሚባሉ ሁለት ዘረመሎች አማካይነት የሴሉን ልጓም ይፈታል። ኢ6 ፒ53 የተባለውን ተከላካይ ፕሮቲን ያስወድማል፤ ኢ7 ደግሞ ሴሉ ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚይዘውን ሌላውን ፕሮቲን ያሰናክላል። እነዚህ ሁለቱ በጤነኛ ሴል ውስጥ ስለሌሉ፣ ዝም ቢሰኙ የሚጎዳው ካንሰሩ ብቻ ነው የሚል ግምት አለ። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በሚያድጉ የካንሰር ሴሎች ላይ ሲሞከርም ፒ53 ተመልሶ ሥራውን ይጀምራል፤ ሴሎቹም መባዛት ያቆማሉ ወይም ይሞታሉ። ኢ6 ዝም የተሰኘባቸው ሴሎች ሲስፕላቲን ለተባለው የኬሞ መድኃኒት ይበልጥ እንደሚሸነፉም ታይቷል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሚያስቡት ሁለቱን አጣምሮ ስለመስጠት ነው፤ «ከኬሞ ጋር አይሠራም» የሚለው የሻጩ ቃል ከዚህ ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

እንቅፋቱ ከሳህኑ ወጥቶ ወደ ሰው አካል ሲገባ ይጀምራል። ያልተጠቀለለ ኤስአይአርኤንኤ በደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ይቆራርጡታል፤ ኩላሊትም በደቂቃዎች ውስጥ አጣርቶ ያስወጣዋል። በናኖ ቅንጣት ሲጠቀለል ይህ ይቀንሳል፤ ሆኖም ለአሥር ዓመታት የታተሙ የእንስሳት ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ ከተወጋው ቅንጣት ወደ ዕጢው የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የደረሰውም ቢሆን ሴሉ በትንሽ ከረጢት ውጦ ስለሚይዘው፣ በስብ ቅንጣት ከተጫነው ውስጥ ከከረጢቱ አምልጦ ወደ ሥራ ቦታው የሚወጣው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው (ለገሃር)

መምህር፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ውጭ የሚኖር ወንድሜ ለኮሌስትሮል በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጋው መርፌ ዘረመልን ዝም የሚያሰኝ ነው ብለው ሐኪሞቹ ነግረውታል፤ እርሱም ደኅና ሆኗል። ለኮሌስትሮል ከሠራ ለካንሰር የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር (ሐረር)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የነገሩ ማዕከል ነው። የወንድምዎ መርፌ ኢንክሊሲራን ሳይሆን አይቀርም፤ የሚሠራውም በጉበት ላይ ነው። የጉበት ሴሎች በላያቸው ጋልናክ የሚባለውን የስኳር ዓይነት የሚይዝ ተቀባይ ስላላቸው፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ኤስአይአርኤንኤ በቀጥታ ወደዚያ ይሳባል። በስብ የተጠቀለለውም በደም ውስጥ አንድ ፕሮቲን ይለጠፍበትና እንዲሁ ወደ ጉበት ይወሰዳል። ከጅቡቲ የተጫነ ዕቃ ሁሉ ድሬዳዋ ላይ እየተራገፈ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው ጥቂት ሲሆን ማለት ነው። በማኅፀን ጫፍ፣ በጡት ወይም በሳንባ ካርሲኖማ ላይ የጉበቱን ያህል ታማኝ የሆነ መግቢያ በር እስካሁን አልተገኘም።

ሙከራ ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት፣ በደም ሥር የተሰጠ ናኖ ቅንጣት ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ዕጢ ውስጥ መግባቱንና የታለመው መልእክተኛ አር ኤን ኤ በታሰበው ቦታ ላይ መቆረጡን በናሙና አሳይቷል። ያ መድኃኒት ወደ ሕክምና አልደረሰም፤ በሰው ላይ ሊሆን እንደሚችል ግን አስመስክሯል። በቆሽት ካርሲኖማም ኤስአይአርኤንኤውን በመርፌ እዚያው ዕጢው ውስጥ የመትከል ሙከራ ተደርጓል። ለማኅፀን ጫፍም በጄል መልክ እዚያው ማኖር ይቻል እንደሆነ የሚያጠኑ አሉ፤ ነገር ግን ደረጃ 2ቢ ማለት በሽታው ከማኅፀን ጫፍ ወጥቶ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ዘልቋል ማለት ስለሆነ፣ ላይ የተቀባ ነገር አክስትዎን የሚያድናቸው አይመስለኝም።

መልስ፦ በካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ

እኔ ሦስት ወር ስለመጠበቁ ልናገር፤ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። በማኅፀኑ ዙሪያ የዘለቀ ዕጢ ሲያድግ ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበትን ቱቦ ይጫነዋል። ቱቦው ከተዘጋና ኩላሊቱ ካበጠ በሽታው ደረጃ 3ቢ ይባላል። ከዚህም የባሰው፣ ኩላሊት ሲደክም ሲስፕላቲን መስጠት አለመቻሉ ነው። ዛሬ በእጃቸው ያለውን መድኃኒት ነገ ሊያጡት ይችላሉ። ደም መፍሰሱ ከቀጠለም የደም ማነስ ይመጣል፤ የደም ማነስ ያለበት ሕመምተኛ ደግሞ ከጨረሩ የሚያገኘው ጥቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የክሬአቲኒንና የደም ማነስን የሚያሳየውን የሂሞግሎቢን ምርመራ አሠሩላቸው።

ሕክምናው በተለመደው አሰጣጥ ከውጭ የሚሰጥ ጨረር በሳምንት አምስት ቀን ለአምስት ሳምንታት ያህል፣ ከእርሱ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ ሲስፕላቲን፣ ከዚያም ብራኪቴራፒ የሚባለው ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር ነው። ሁሉም በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ይፈለጋል። ብራኪቴራፒው የት እንደሚሰጥ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀጠሮው አስቀድሞ መያዝ አለበት፣ በመካከል የሚባክነው ሳምንት ዋጋ ያስከፍላልና።

እማማ ጨረርን የሚፈሩት ለምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ እናቶች የሚፈሩት ሰውነታቸው ጨረር ይዞ የልጅ ልጆቻቸውን እንዳይጎዳ ነው፤ ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል፣ ልጅ ማቀፍም አይከለከሉም። ተቅማጥና ድካም ግን ያጋጥማል። በዚህ ሁኔታ በየቀኑ ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት በሚኒባስ መመላለስ ይከብዳል፤ ሐረር ዘመድ ካላችሁ ለእነዚያ ሳምንታት እዚያ ቢያርፉ ይሻላል።

ጠያቂው፦ የከዚራ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቹን ትናንት ማታ ለአክስቴ አነበብኩላቸው፤ ልጃቸውም በስልክ ሰማ። የእንክብሉን ብልቃጥ ፎቶ እንዲልክ ጠየቅሁት፤ የአምራቹ አድራሻም ሆነ የንጥረ ነገሩ ስም የለበትም። አክስቴ ሕክምናውን ለመጀመር ተስማምተዋል። ልጃቸው ግን አንድ ጥያቄ አለው፦ እውነተኛው ምርምር በሚካሄድበት አገር ሊያስመዘግባቸው ይችላል ወይ?

መልስ፦ ፋርማሲስት (ሳቢያን)

መጠየቁ አይከፋም። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ በሚባለው የአሜሪካ መዝገብና በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ የበሽታውን ስም አስገብቶ በነፃ መፈለግ ይችላል። ሕጋዊ ሙከራ የመዝገብ ቁጥርና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለው፤ ተሳታፊውን ጥቅሙንና ጉዳቱን አስረድቶ በጽሑፍ ያስፈርማል፤ በሙከራ ላይ ላለው መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይቀበልም። በአገራችን የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። አዳዲስ መድኃኒቶችን የሚፈትኑ ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚቀበሉት የተለመደውን ሕክምና ወስደው በሽታው የተመለሰባቸውን ስለሆነ፣ አሁን ሕክምናውን መጀመራቸው ያንን በር አይዘጋባቸውም። እንክብሉን በተመለከተ፣ አስቀድመው ወስደውት ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ ኩላሊትንና ጉበትን ሊነካ ይችላል።

መልስ፦ በካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ

ለቀጠሮው ቀን የፓቶሎጂውን ውጤት ዋናውን፣ የሲቲ ስካኑን ሲዲ ከነ ንባቡ፣ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራዎችን፣ የሪፈራሉን ወረቀትና የጤና መድን ካላቸው ደብተሩን ይዛችሁ ኑ። ናሙናው የተመረመረበት ላቦራቶሪ የፓራፊን ብሎኩን፣ ማለትም ናሙናው በሰም ውስጥ ተደርጎ የሚቀመጥበትን፣ እንዲያስቀምጥላችሁ ጠይቁ፤ ሐረር ያሉት ሐኪሞች እንደገና ማየት ቢፈልጉ አዲስ ናሙና ከመውሰድ ያድናችኋል። እማማ ከደም ግፊት ወይም ከስኳር መድኃኒት የሚወስዱት ካለ ብልቃጡን ራሱን አምጡት።