ክርክር፦ ለሂውማኒቲስ (ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍናና የመሳሰሉት) ድኅረ ምረቃ ሲያመለክቱ የማስተማር ልምድ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?

የሥነ ጽሑፍ መምህሩ፦
ሰላም ወገኖች። ሁለተኛ ደረጃ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ ለማስተርስም ለፒኤችዲም እያመለከትኩ ነው። ፎርም በሞላሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፣ ቢቻል ሁሉም ከዩኒቨርሲቲ መምህራን። ረዘም ያለ የጽሑፍ ናሙና። የታተመ ጥናት ካለ እሱንም። ክፍል ውስጥ የቆምኩበት ዘመን ግን ሲቪ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። አምና የተመረቀ ልጅ ደብዳቤ የሚጽፉለትን መምህራን ኮሪደር ላይ ያገኛቸዋል። መመረቂያ ጽሑፌን ካማከሩኝ አንደኛው ጡረታ ወጥተዋል፣ ሌላኛዋ ኢሜይል አይመልሱም። ርእሰ መምህራችን ደግ ሰው ናቸውና ጻፉልኝ፤ «ሰዓት አክባሪ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተግባቢ» ይላል። ይህን ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ልላክ? እኔ የማስተማር ልምድ እንደ አካዳሚክ ብቃት ይቆጠር ባይ ነኝ። እናንተስ?

የፒኤችዲ ተማሪዋ፦
መምህር፣ ቅር አይበልዎትና አልስማማም። የእርስዎ ልምድ ከተቆጠረ ጋዜጠኛውም ጠበቃውም ይቆጠርልን ይላሉ፤ መቆሚያ የለውም። እዚህ የሚፈለገው ተመራማሪ ነው። ማስተማርማ እኛም እናስተምራለን፣ ብዙዎቻችን ስታይፔንድ (የኑሮ ድጎማ) የሚከፈለን በዚያ ነው። ተማሪ ፊት መቆም መቻል፣ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጦ ሰነድ መፈተሽ መቻል ማለት አይደለም።

የታሪክ መምህርቷ፦
ጥብቅናና ይሄ አንድ ነው እንዴ? እሱ እኮ ሲያስተምር የከረመው ያንኑ ልቦለድና ግጥም ነው። አንድን ግጥም በየዓመቱ ከአዲስ ክፍል ጋር የሚያነብ ሰው፣ ለፈተና ብሎ አንዴ ካነበበው ጋር እኩል አንባቢ ነው? ደግሞ እናንተ ሴሚናር ላይ ፈልጎ ለመጣ ሰው የምታስረዱትን፣ እኛ መስኮት መስኮቱን ለሚያይ ልጅ ነው የምናስረዳው።

የቅበላ ኮሚቴ አባል የነበረው፦
ሁለታችሁም ነጥብ እየተደመረ የሚገባ አስመሰላችሁት። ኮሚቴ ላይ ተቀምጠህ ክምር ማመልከቻ ስታነብ መጀመሪያ የምትፈልገው ይህ ሰው ጥያቄ አለው ወይ የሚለውን ነው። ዓመታት አብሮት የሚቆይ፣ ሌላ ሰው ገና ያልመለሰው ጥያቄ። በአሜሪካ ብዙ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ጂአርኢን (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን) እንኳ መጠየቅ ትተዋል። የቀረው ጽሑፍህና ዓላማህን የምትገልጽበት ደብዳቤ ነው።

መምህራን ሲያመለክቱ የሚወድቁት፣ ልምዳቸውን እንደ አገልግሎት ዘመን ስለሚያቀርቡት ነው። «ትውልድ ስቀርጽ ኖሬያለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ንባብ እወዳለሁ፤ አሁን እውቀቴን ማዳበር እሻለሁ።» ይህን አንቀጽ ስንቴ እንዳነበብኩት! ለሽልማት እጩ ያደርግ ይሆናል፣ ስለ ምርምር ግን ምንም አይናገርም። መምህር፣ እስቲ ይንገሩን። እያስተማሩ መልስ ያጡለት ነገር ምንድን ነው?

የሥነ ጽሑፍ መምህሩ፦
አንድ አለ። የመማሪያ መጽሐፋችን ከአንድ ረጅም ልቦለድ አንድ ምዕራፍ ቆርጦ አስገብቷል። ምዕራፉ የሚያበቃው ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድሙን ሲክድ ነው። የሚጸጸተውና ወንድሙን ፍለጋ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ተማሪው ግን እዚያ አይደርስም። በየዓመቱ ክፍሉ በሙሉ «ከሃዲ» ብሎ ይፈርድበታል። አንድ ዓመት ልቦለዱን ሙሉውን ያነበበች ልጅ ተነሥታ ልትሟገትለት ብትሞክር፣ ጓደኞቿ «ፈተና ላይ የሚመጣው ይሄ ብቻ ነው፣ ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ አእምሮዬን አልለቅ ያለኝ ነገር ይህ ነው፦ ብዙ ሰው ልቦለድን የሚያውቀው ተቆርጦ በተሰጠው ልክ ነው። ማን ቆረጠው? ለምን እዚያ ላይ? መጽሐፉ በተሻሻለ ቁጥር የመቁረጫው ቦታ ተቀይሯል?

የቅበላ ኮሚቴ አባል የነበረው፦
ይኸው ማመልከቻዎ! የዓላማ ደብዳቤው በዚህች ልጅ ሳይሆን በሦስቱ ጥያቄዎች ይጀምር፤ ልጅቷ በሁለተኛው አንቀጽ ትግባ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ለናሙና የድሮ መመረቂያ ጽሑፍዎን ይተዉት። ሁለት የመማሪያ መጽሐፍ እትሞች ጎን ለጎን ያስቀምጡና ምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተጨመረ፣ ከምዕራፉ ሥር ያሉት ጥያቄዎች ተማሪውን ወዴት እንደሚገፉ አዲስ ናሙና ይጻፉ። የድሮ እትም እኮ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ይገኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ላለው ልጅ ይህ በቀላሉ አይገኝለትም። በመጽሐፍ ታሪክ ወይም በንባብ ታሪክ ላይ የሚሠሩ መምህራን ያሉበትን ክፍል ይፈልጉና ናሙናውን ቀድመው ይላኩላቸው። ርእሰ መምህሩ ይጻፉልዎ፣ ሁለቱ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ጽሑፍዎን ካነበበ ሰው ይሁን።

የፒኤችዲ ተማሪዋ፦
አያችሁ? የቆጠረው ልምዱን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። እኔ ካልኩት አልወጣም።

የታሪክ መምህርቷ፦
ጥያቄው ከየት መጣ ታዲያ? ከቤተ መዛግብት?

የፒኤችዲ ተማሪዋ፦
ከክፍል መጣ፣ እሺ። ከመቶ መምህር ግን ስንቱ እንዲህ ይጠይቃል? ልምድ በደፈናው ይቆጠር ከተባለ ያልጠየቀውም አብሮ ይገባል። ደብዳቤው ላይ ግን አንድ ነገር ላምን፤ ከዩኒቨርሲቲ የራቀን ሰው ሦስት የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ማለት በር መዝጋት ነው። ከአንዱ ደብዳቤ ይልቅ ተጨማሪ ናሙና ቢቀበሉ ምን ይጎድልባቸዋል?

ተጠራጣሪው፦
እናንተ ስለ መግቢያ ትጨቃጨቃላችሁ፣ በሩ ራሱ እየተዘጋ ነው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ለ2025/26 በ12 ገደማ የሂውማኒቲስና የሶሻል ሳይንስ ዘርፎች የፒኤችዲ ቅበላ አቆመ። ሺካጎ ዩኒቨርሲቲም በ2025 በበርካታ የሂውማኒቲስ ክፍሎቹ ለቀጣዩ ዓመት አንቀበልም አለ። የአሜሪካ ሂውማኒቲስ ፒኤችዲ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ሲያልቅም ቋሚ የመምህርነት ቦታ ማግኘት ዕድል ነው። ቋሚ ደመወዝ ያለውን ሰው ወደዚህ የምትገፉት ምን ብላችሁ ነው?

የሥነ ጽሑፍ መምህሩ፦
ማን ገፋኝ? ይህን አውቄ ነው ማስተርስን ያስቀደምኩት። እንግሊዝ በአንድ ዓመት ያልቃል፣ ክፍያው ግን አይቀመስም። ጀርመን ውስጥ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ ግን ሁለት ዓመት ነው፤ የኑሮ ወጪዬን መሸፈን እንደምችል ለቪዛ ማሳየትም አለብኝ።

የታሪክ መምህርቷ፦
ሥራ ሳይለቁ የሚማሩበት መንገድም አለ። አሜሪካ ያለው ሚድልበሪ ኮሌጅ ብሬድ ሎፍ የሚባለውን የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች መምህራን ናቸው፤ በየክረምቱ እየገቡ ማስተርሳቸውን ይጨርሳሉ። ይህ ሁሉ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነገር ሌላው ጋ ለምን ብርቅ እንደሚሆን አይገባኝም።

ተጠራጣሪው፦
መምህሩ የሚያስተምረው ልጅስ ምን ያተርፋል? የአሜሪካዋ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ለማስተርስ የሚከፈለውን የመምህራን የደመወዝ ጭማሪ ለአዳዲሶቹ ያስቀረችው ዲግሪው የተማሪን ውጤት አያሻሽልም ተብሎ ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦
ፊንላንድ ደግሞ ማስተርስ ሳይኖርህ ቋሚ መምህር አትሆንም።

ተጠራጣሪው፦
እሱ የማስተማር ማስተርስ ነው፣ አታምታቺ።

የታሪክ መምህርቷ፦
አላምታታሁም። የክፍል መምህሩ (በአንደኛ ደረጃ አንድን ክፍል ብዙ ትምህርት የሚያስተምረው) ነው በትምህርት ሳይንስ የሚማረው። የታሪክ መምህር ማስተርሱን የሚሠራው በታሪክ ነው፣ የማስተማር ሥልጠናው ላዩ ላይ ይጨመራል።

ተጠራጣሪው፦
ይሁን። እሱም ቢሆን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሥራ ላይ ላለው ማን ይክፈል?

የታሪክ መምህርቷ፦
እሱ ሌላ ክርክር ነው። ክፈተው፣ እመጣለሁ።