ራስን ከማጥፋት ሐሳብ የሚጠብቁ ነገሮችን እንዴት እንለካ?

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ራስን ከማጥፋት ሐሳብ የሚጠብቁ ነገሮችን ለማጥናት በዝግጅት ላይ ነኝ። ማኅበራዊ ድጋፍን በአገራችን ጥናቶች በተለመደው ባለ 3 ጥያቄ የኦስሎ መለኪያ ልለካ አስቤአለሁ፤ ድምሩ ከ3 እስከ 14 ሲሆን፣ ከ9 በታች ያገኘ ሰው ድጋፉ ደካማ እንደሆነ ይቆጠራል። ጠንካራ ድጋፍ ያላቸው ተማሪዎች ሐሳቡ አንሶባቸው ቢገኝ፣ «ድጋፍ ይጠብቃል» ብዬ መደምደም እችላለሁ?

መልስ፦ የባዮስታቲስቲክስ መምህር

አይችሉም። መረጃው በአንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ከሆነ የትኛው እንደቀደመ አይለይም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ራሱ ከወዳጆቹ ይርቃል፣ ያሉትንም እንደሌሉ ሊቆጥራቸው ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ጠባቂ የምንለው አደጋው ባለበት ሰው ላይ የአደጋውን ጉልበት የሚያለዝበውን ነገር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አደጋ የምንለውን ድባቴን ፒኤችኪው-9 በተባለው ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ ለክተው፣ ድባቴና ድጋፍ አንዱ የሌላውን ተጽዕኖ ይለውጥ እንደሆነ በትንተናው ይፈትሹ፤ ድባቴው እየከበደ ሲሄድ ሐሳቡ ድጋፍ ባላቸው ተማሪዎች ላይ በዝግታ የሚጨምር ከሆነ፣ ያኔ ስለ ጥበቃ ለመናገር መነሻ ያገኛሉ። ይህ ሰፊ ናሙና ይጠይቃል። የፒኤችኪው 9ኛ ጥያቄ ራሱ ስለ ሞት ሐሳብ የሚጠይቅ ስለሆነ ከድምሩ ያውጡት፤ ካላወጡት ሐሳቡን በራሱ በሐሳቡ መለካት ይሆናል።

መልስ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ድጋፍ ብቻውን ሰው ለምን በሕይወት መቆየት እንደሚፈልግ አይነግረንም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊንሃንና ባልደረቦቿ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 48 ጥያቄ «የመኖር ምክንያቶች» መጠይቅ ይህንኑ በቀጥታ ይጠይቃል፤ ችግርን እወጣዋለሁ ብሎ ማመንን፣ ለቤተሰብ ያለን ኃላፊነትና ሃይማኖታዊ ተቃውሞን ጭምር ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይመዝናል። ስለ ልጆች የሚጠይቀው ክፍል ግን ለአብዛኞቹ ተማሪዎች አይሆንም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሃይማኖቱ ክፍል ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ አብዛኛው ሰው ከፍተኛውን ነጥብ ሊሰጥ ስለሚችል ሰውን ከሰው ላይለይ ይችላል፤ ክልከላውም ሐሳቡን ሳይሆን ሐሳቡን መናገርን ብቻ አግዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኃጢአት ነው» ብሎ ማመንን ከተሳትፎ ለይተው ይጠይቁ፦ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ዘወትር ይሄዳል? ቢጠፋ የት ገባ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አለ? የመጠይቁን የአማርኛ ትርጉምም ከመረጃ ስብሰባው በፊት ለጥቂት ተማሪዎች አንብበው፣ እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት በራሳቸው አንደበት ያስረዱዎት።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

ስለ ሐሳቡ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ላይ አያመጣም፤ ስለዚህ በግልጽ ይጠይቁ። ሆኖም መጠይቁ ፈጽሞ ስም የለሽ ከሆነ አደጋ ላይ ያለውን ተማሪ ማግኘት ስለማይቻል፣ ስሙ በምስጢር የሚያዝበት የኮድ ዝርዝር ቢኖር ይሻላል፤ ይህም ከፈቃደኝነት ቅጹ ጀምሮ ለተሳታፊው ይነገረው። መልሶቹ በዚያው ቀን ይታዩ፤ ተማሪውን ተቀብሎ የሚያነጋግር ባለሙያም ከመጀመሪያው መጠይቅ በፊት ይዘጋጅ። ሐሳቡ እንዳለበት የተናገረ ተማሪ የድጋፍ ነጥቡ 14 ቢሆንም እንኳ ባለሙያ ሳያነጋግረው አይሂድ።